የሁለት ሰው ፋሲካ፦ ምን ይካፈላል? ምን አይካፈልም?

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ድስት እፈገፍግ ነበር። ድስቱ ሥር አርሮ የተጣበቀው ለዶሮ ወጥ የከተፍኩት ሽንኩርት ነው። ይባስ ብሎ፣ በድኅረ ምረቃ የማጠናው የትምህርት ዘርፍ ሙቀት ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር እንዴት እንደሚተላለፍ የሚመረምር ነው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እሷ ነርስ ናት፤ የበዓል ዋዜማ ተረኛ ስለነበረች ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ሄደን ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር መፈሰክ አልቻልንም። «ታዲያ ምን ችግር አለው? እዚሁ ለሁለታችን እሠራለሁ» አልኩ። እናቴ ለአሥራ ሁለት ሰው የምታደርገውን በግምት አስቤ ሁሉንም ለስድስት አካፈልኩት፦ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን፣ ሰዓቱንም ጭምር። ባለቤቴ ጠዋት ከሥራ ስትመጣ የጠበቃት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነው። ምንም አላለችም። የባሰው እሱ ነው።

ለአክስቴ በስልክ ብነግራት «ድሮስ ለሁለት ሰው ምን በዓል አለ?» አለችኝ። ለማጽናናት ነው ያለችው። እኔን ግን ቃሉ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። እውነት ፋሲካ ለሁለት ሰው ሲሆን ፋሲካነቱን ያጣል? ከእናቶቻችን የተረከብነው ማዕድ ለብዙ ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ከቤተሰቡ ርቆ በከተማ የሚኖር ወጣት ሁሉ በዓሉን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ አንድ የምርምር ጥያቄ ያዝኩት። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ እናንተም አብራችሁኝ ፈትሹት።

ድግስ ለምን ትልቅ ሆነ?

የአክስቴ አባባል የታሪክ ድጋፍ አለው። «ድግስ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን የሰው ብዛት ነው። «ግብር» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ለመንግሥት የሚከፈለውንም፣ በቤተ መንግሥት የሚበላውንም ግብዣ። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ማር፣ እህልና ከብት በግብር መልክ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ከዚያ በአዳራሹ ግብር ሆኖ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለሕዝቡ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ድግስ ለቀናት የቆየ ነበር። የአፍሪካን የምግብ ታሪክ ያጠናው ጄምስ ማካን ይህን ድግስ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ምግቦች በአንድ ቦታ ቀርበው፣ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» ብለን የምንጠራው ነገር መልክ ከያዘባቸው አጋጣሚዎች አንዱ አድርጎ ያየዋል።

ታዲያ ተራው ሰው ቤትስ ድግሱ ለምን ሰፊ ሆነ? ደግነቱና ወጉ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ደረቅ ምክንያት ልጨምርላችሁ፦ ማቀዝቀዣ አልነበረም። አንድ በሬ ሲታረድ መቶ ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። ከፊሉ ቋንጣ ይሆናል፤ የቀረው ግን ቶሎ መበላት አለበት። ስለዚህ ወይ ብዙ ሰው ትጠራላችሁ፣ ወይ ብዙ ሆናችሁ ትገዛላችሁ። ሁለተኛው መንገድ ቅርጫ ነው። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው ከየብልቱ እኩል እየተቆረጠ በመደብ ይደለደላል፤ ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ ዕጣ ይወስነዋል። አንድን የማይከፈል ትልቅ ነገር ያለ ጠብ ለብዙ ቤት ማካፈያ ዘዴ ነው። ዛሬ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥም ይሠራል። እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር ሆነን ግማሽ መደብ ይዘናል።

እንግዲህ ከበሬው ጋር ስታነጻጽሩት ዶሮ የአንድ ቤት እንስሳ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ ቅርጫ፣ አንድ ቤተሰብ ታርዶ የሚጨርሰው። የዶሮ ወጥ ድስት ትንሽ መሆን እንደሚችል የመጀመሪያው ፍንጭ ይኸው።

ቀኑን ማን ቆጠረው?

ማንኛውም ዕቅድ በቀን ይጀምራል። ፋሲካ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። በሠላሳ አምስት ቀን ውስጥ ይመላለሳል ማለት ነው። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ወደ ፀደይ መግቢያ፣ የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ነው።

ቀኑን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው። በትውፊት የእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደቀመረው ይነገራል። መሠረቱ የሥነ ፈለክ እውቀት ነው፦ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። 19 ዓመት በ365.25 ሲባዛ 6,939.75 ቀን ይሆናል። 235 የጨረቃ ወር ደግሞ 6,939.69 ቀን ገደማ ነው። በ19 ዓመት ውስጥ የሚለያዩት በሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ይህ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ቴሌስኮፕ የተገኘ ነው።

እስቲ የ2018ን ፋሲካ አብረን እናውጣ። ወረቀት ያዙ።

5500 ላይ 2018 ስንደምር 7518 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ19 ስናካፍለው 13 ይቀራል። ከዚያ ላይ አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ19 ስናባዛ 228፤ ለ30 ስንገድፈው 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ይሉታል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የእኛ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው። ያ ቀን እሑድ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል የሚደመርበት ቁጥር አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ እንዲህ እያለ እየቀነሰ ዓርብ 2 ላይ ይደርሳል። 18 ላይ 7 ስንደምር 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ቁጠሩ፦ ሚያዝያ 4። የ2018 ፋሲካ ይኸው።

የ2019ን ራሳችሁ ሞክሩት። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ነነዌም በየካቲት ትገባለች። ሚያዝያ 24 ካልመጣላችሁ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ «ስንት ሰው ይበላል?» የሚል ጥያቄ የለም። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ለቤተ መንግሥቱም ለእኔ ኮንዶሚኒየምም ያው ሃምሳ አምስት። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ድስቱ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

ድስቱ ውስጥ ያለው ዓለም

አሁን ደግሞ «ጥንታዊው» ማዕድ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እናንሳ። መነሻ አገሩን እየጠየቅን።

ዶሮ፦ የዱር ዘመዷ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ወፍ ናት። በንግድ መስመር ተጉዛ ነው ወደ እኛ የደረሰችው። መቼ? በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ የቅድመ አክሱም መንደር በተካሄደ ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ ያጠኑት ይህ አጥንት በአፍሪካ ከተገኙት ቀደምት የዶሮ ማስረጃዎች አንዱ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመደባል። ስለዚህ ዶሮ እንግዳ ብትሆንም ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ የቆየች እንግዳ ናት።

ሽንኩርት፦ ዘመዶቹ የማዕከላዊ እስያ ናቸው። በጥንታዊ ግብፅ በሰፊው ይበላ ነበር። ዛሬ ገበያችን ውስጥ ከሐበሻው ትንሽ ሽንኩርት ጎን «ቦምቤይ ሬድ» የሚባል ዝርያ ታገኛላችሁ፤ ስሙ ራሱ የሕንድ ከተማ ይጠራል።

በርበሬ፦ አስገራሚው እሱ ነው። ቀዩ በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት በአፍሪካ፣ በእስያም ሆነ በአውሮፓ አልነበረም። ወደ ሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ የተሰራጨው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዋናነትም በፖርቱጋሎች ንግድ በኩል። ምን ማለት እንደሆነ አሰባችሁት? ንጉሥ ላሊበላ ቀይ ወጥ በልቶ አያውቅም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም እንዲሁ። በእነሱ ዘመን ምላስ የሚያቃጥለው ከሕንድ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬ፣ ከእኛው ጫካ የሚለቀመው ጥምዝ፣ ዝንጅብልና የመሳሰሉት ነበሩ።

አገር በቀሎቹስ? እንጀራው የሚጋገርበት ጤፍ የእኛው ደጋ ሰብል ነው። ወጡ ሲወጣ የሚነሰነሰው ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ጫካችን ልጅ ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረትም የዚሁ አገር ተክል ነው። አብሮት የሚገባው እርድ ግን የደቡብ እስያ።

ከምግቡ በኋላ የሚፈላው ቡናም ታሪክ አለው። ተክሉ የኛው ነው፤ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ብዙ ተቀባይነት አልነበረውም። በፋሲካ ማግሥት ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ፣ ለቅድመ አያቶቻችን አያቶች እንግዳ ነገር ነበር።

እንግዲህ «እውነተኛው የፋሲካ ማዕድ» የቱ ነው? በርበሬ ያለው ወይስ የሌለው? ቡና ያለው ወይስ የሌለው? ሽንኩርቱ የሐበሻ የሆነው ወይስ ቦምቤይ ሬድ? ማዕዱ በየዘመኑ አዲስ ነገር እየጨመረ መጥቷል። ሳይቀየር የቆየው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጾም፣ መጠበቅ፣ ሌሊቱን አንግቶ አብሮ መፍታት። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በአገራችን ቆይቶ ሲጽፍ የጾሙን ጥብቅነት በአድናቆት አንስቷል። ቀይ ወጥ ገና ባልተለመደበት ዘመን፣ ጾሙና መፍታቱ ነበሩ።

ድስቱ ለምን አረረ?

ወደ ኀፍረቴ ልመለስ። በገና ሰሞን ደብረ ብርሃን ስንሄድ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ስታየኝ «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«እማዬ፣ የምትጨምሪውን ሁሉ ልመዝን ነው።»

«ወጥ በሚዛን ይሠራል እንዴ ልጄ? እስኪበቃው ነው እንጂ!»

«እሱ 'እስኪበቃው' የምትይው ስንት ግራም እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ስቃ ስቃ ፈቀደችልኝ። እጇ በርበሬ ዕቃው ውስጥ በገባ ቁጥር «ቆይ! ቆይ!» እያልኩ አስቸገርኳት። ለሁለት ዶሮ የወጣው ልክ ይህ ነው፦ የተላጠ ሽንኩርት 5 ኪሎ፣ በርበሬ 450 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 400 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 200 ግራም። ቁሌቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። እሷ ሰዓት አላየችም። «ሲበቃው ድምፁ ይቀየራል» ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው፤ ውሃው ሲያልቅ የሚንጨረጨረው ድምፅ ሌላ ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። ሽንኩርት ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ እጅ ገደማ ውሃ ነው። 5 ኪሎው ቁሌት ሆኖ ሲያልቅ ድስቱን ሳስመዝነው 1.7 ኪሎ ቀርቷል። 3.3 ኪሎ ውሃ ተንኖ ሄደ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.26 ሜጋ ጁል ጉልበት ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 7.5 ሜጋ ጁል አካባቢ። ያን ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስታካፍሉት ወደ 780 ዋት ይመጣል። የእናቴ ምድጃ ለሽንኩርቱ የሰጠው የተጣራ ሙቀት እሱ ነው።

እኔ ባለፈው ዓመት ምን አደረግሁ? ለሠርጋችን የተሰጠንን ዲያሜትሩ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ድስት ጣድኩ። እናቴ ድስት ውስጥ ሽንኩርቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። የእኔ የስድስተኛው እጅ በዚያው ስፋት ሲዘረጋ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። እሳቱ ግን ያው። በወፍራሙ ንብርብር ላይ የላይኛው ሽንኩርት ውሃውን ወደ ታች እያንጠባጠበ የታችኛውን ይጠብቀዋል። በቀጭኑ ላይ ጠባቂ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ከዚያ ብዙም አይሞቅም። ውሃው ሲያልቅ ግን የድስቱ ሥር በደቂቃዎች ውስጥ 140 ዲግሪን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ በፍግፈጋ ያልቃል።

መፍትሔው ምንድን ነው? የንብርብሩን ከፍታ መጠበቅ። ሽንኩርቱን በአራተኛው እጅ ካሳነሳችሁ የድስቱም ወለል በአራተኛው እጅ ማነስ አለበት። የክብ ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነውና፣ አራተኛ እጅ ስፋት ማለት ግማሽ ዲያሜትር ማለት ነው። 36 የነበረው 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እሳቱም ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል፤ ትንሽ ድስት በጎኑ የሚያባክነው ሙቀት ስለሚበዛ ጥቂት ከፍ ብታደርጉት ነው የሚሻለው።

ጊዜውስ? ሽንኩርቱ በአራት ተካፈለ፤ እሳቱም በአራት ተካፈለ። ሁለቱ ሲተያዩ ጊዜው ያው ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ለሁለት ሰው ስለሆነ ብቻ ቁሌት በሃያ አምስት ደቂቃ አይደርስም።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሽንኩርት ይካፈላል። በርበሬ ይካፈላል። እሳትም ይካፈላል። ጊዜ ግን አይካፈልም። ባሕረ ሐሳቡ ውስጥ ያየነውም፣ የአልቫሬዝ ዘመን ጾም ውስጥ ያየነውም ይኸው ነው። የእኔ ስሕተት ድስቱ ብቻ አልነበረም። ሰው ሲያንስ ልፋቱም፣ ጥበቃውም የሚያንስ መስሎኝ ነበር።

የዘንድሮው ዕቅድ

በቅበላ ሰሞን፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ በ18 ሳንቲ ሜትሯ ድስት ሞከርኩት። ሠራ። ስለዚህ ዕቅዱን ያለ ፍርሃት ላካፍላችሁ። መሐንዲሶች እንደምናደርገው ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው ያወጣሁት፦ ባለቤቴ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ታንኳኳለች።

ዶሮው ሙሉ ነው የሚገዛው፤ ግማሽ ዶሮ አይታረድም። በወጉ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል። ስድስቱን ለፋሲካ፣ ስድስቱን ደግሞ አቀዝቅዤ በሳምንቱ ለዳግም ትንሣኤ አስቀምጣለሁ። ለስድስት ብልት የእናቴን ልክ ለአራት ማካፈል ነው፦ ሽንኩርት 1.25 ኪሎ፣ በርበሬ 110 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 100 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 50 ግራም። እንቁላል ሦስት፤ ሁለት ለእኛ፣ አንድ ድንገት በር ለሚያንኳኳ ሰው።

ሐሙስ፦ ገበያ። ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ቄጤማው። እንጀራ ከፎቅ በታች ካለች ጎረቤታችን አዝዘናል፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቡካት ስላለበት ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ዓርብ ስቅለት፦ ምንም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ሦስት ሰዓት ላይ መላጥና መክተፍ፤ አራት ሰዓት ላይ ቁሌቱ ይጣዳል። ለምን በጠዋት? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ዋዜማ ማታ ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደሚበራ ገምቱ። በበዓል ዋዜማ ብዙ ኃይል የሚወስዱ ፋብሪካዎች ለተወሰኑ ሰዓታት እንዲያቆሙ ሲጠየቁ የምትሰሙትም ለዚሁ ነው። መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት መምረጥ የዕቅዱ አካል ነው፤ ለማንኛውም ከሰልም ተገዝቷል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በርበሬው ይገባል። ጠብ ጠብ እያደረግሁ ውሃ እየጨመርኩ፣ ሳይቸኩል እስኪበስል ሌላ አንድ ሰዓት። ከዚያ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ የጠራው ዶሮ። የሐበሻ ዶሮ ጠንካራ ነው፤ ውሃውም በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ከቆላ ሰው ይልቅ ረዘም ያለ ትዕግሥት ያስፈልገኛል።

አንድ ፈተና አለ። ቅቤና ሥጋ ከገባ በኋላ መቅመስ አይቻልም፤ ጾሙ አልተፈታም። እናቶቻችን ይህን ወጥ በየዓመቱ ሳይቀምሱ ነው የሚሠሩት! በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በድምፅ። እኔ እንደዚያ ያለ አፍንጫ ገና የለኝም፤ ጨውን በሚዛን አደርገዋለሁ። ወጡ ሲደርስ በሰፋ ሳህን ቶሎ አቀዝቅዤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባለሁ፤ ጠዋት በደንብ እስኪፈላ ይሞቃል። መከለሻው ያኔ ነው የሚነሰነሰው።

ሌሊት፦ ቤተ ክርስቲያን። በብዙ ቤት እንደሚደረገው መጀመሪያ በተልባ ነው የምንፈታው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ቅባት ያልነካ ሆድ ላይ ቅቤ በድንገት አይወርድበትም። ሌሎች በዶሮ ጩኸት ሲፈቱ እኔ እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት እቆያለሁ። አምስት ሰዓት ገደማ ትርፍ ጥበቃ ናት። ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ምንም አይደለችም።

እንደ ወጉ ከአሥራ ሁለቱ ብልት «ፈረሰኛ» የሚባለው የአባወራው ነው። የእኛ ቤት አባወራ ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሲያማስል ውሎ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን በሽተኛ ስትጠብቅ ያደረችው ግን እሷ ናት። ፈረሰኛውን ከስድስቱ ውስጥ አድርጌ ለይቼዋለሁ፤ በእሷ በኩል ነው የሚቀመጠው። ማዕዱ በርበሬንና ቡናን ከተቀበለ፣ ይህንንም ይቀበላል ብዬ አስባለሁ።

እናንተም ዘንድሮ ለብዙ ሰውም ሆነ ለጥቂት የምታከብሩ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወጥ ሲሠሩ ሚዛን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ይስቁባችኋል፤ ግድ የለም። «እስኪበቃው» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ልክ ጻፉት፤ የማይመዘነውን፣ እንደዚያ የመጨረሻ ድምፅ ያለውን ደግሞ በጆሯችሁ ያዙት።

ለአክስቴም መልስ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ቁሌቱ ድስቱ ላይ እያለ እደውልላታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የማወራበት ጊዜ አለኝ።

እንኳን አደረሳችሁ።